የፈተናና የማርክ ሰነድ በኮምፒዩተር ላይ እንዴት ይጠበቃል?

ቀደም ባለው ዘመን የትምህርት ቤት ምሥጢር ማለት ወረቀት ነበር። ነባር መምህራን እንደሚያጫውቱን፣ ፈተና በጽሕፈት መኪና ስቴንስል ላይ ይመታል፤ በማባዣ ይባዛል፤ ከዚያም በፖስታ ታሽጎ ርዕሰ መምህሩ ካዝና ውስጥ ይገባል። ያገለገለው ስቴንስል ደግሞ ዝም ተብሎ አይጣልም፤ ብርሃን ላይ ሲዘረጋ ጥያቄው ወለል ብሎ ስለሚነበብ ይቃጠላል። ምሥጢር የሚጠበቅባቸው ነገሮች እንግዲህ በዓይን የሚታዩ ነበሩ፤ በር፣ ቁልፍ፣ ማኅተም፣ እሳት።

ዛሬ ያው ፈተና በላፕቶፕ፣ ሲቸግርም በሞባይል ይጻፋል። በፍላሽ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል፤ አንዳንዴም በቴሌግራም ከመምህር ወደ መምህር ይላካል። ማርኩ በኤክሴል ይደመራል። ስቴንስሉ አንድ ነበር፤ ፋይል ግን በሄደበት ሁሉ ቅጂውን ጥሎ ይሄዳል፤ የሚያቃጥለውም የለም። እኛ ሠልጣኞች ለተግባር ልምምድ በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ በወጣንበት ጊዜ ይኸንኑ ታዝበናል። ስሙን መጥራት በማያስፈልገን አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒዩተር ላይ የሦስት ትምህርት ቤቶች የመንፈቀ ዓመት ፈተናዎች ተደርድረው ይታዩ ነበር፤ ማመልከቻ ለማስጻፍ የገባ ማንም ሰው ሊከፍታቸው ይችላል። ባለቤቱ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። አጥፋው ያለው ስለሌለ ነው።

ነገሩ የፈተና ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። አንድ የክፍል ኃላፊ መምህር ፍላሽ ላይ ምን ምን እንደሚገኝ እስቲ እናስብ። የተማሪዎች ስም ከነአያታቸው፣ ዕድሜያቸው፣ የወላጅ ስልክ፣ ማርክና ደረጃ አለ። አባቱ የሞተበት፣ እናቷ ዓረብ አገር የሄደችባት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ደብተር መግዣ አጥቶ ለዕርዳታ የተመዘገበ፣ ይህ ሁሉ በስም በስሙ ተጽፏል። መምህሩ የሴት ተማሪዎችን ክበብ የሚመራ ከሆነ ደግሞ «ያለዕድሜዬ ሊድሩኝ ነው» ብላ ያመለከተች ልጅ ስም ሊኖር ይችላል። ይህ ስም ከፍላሹ ወጥቶ የቡና ላይ ወሬ ቢሆን የሚከተለውን መገመት አያዳግትም፤ ወይ ሠርጉ ይፋጠናል፣ ወይ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ትቀራለች፤ ከእሷ በኋላም ደፍራ የምታመለክት አትገኝም። ማርክ ቢወጣ ያሳፍራል፤ ይሄኛው ግን የሰው ሕይወት ነው። በሕግም በኩል ቢሆን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ሁሉ ላልተፈቀደለት ሰው እንዳይደርስ የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

የፈተና መውጣት አገርን ምን ያህል እንደሚያናጋ ለማወቅ 2008 ዓ.ም.ን ማስታወስ ይበቃል። የዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ግንቦት 22 ቀን ሊጀመር ሲል የእንግሊዝኛው ፈተና ፎቶግራፍ በፌስቡክ ተበተነ። ትምህርት ሚኒስቴርም የመላ አገሪቱን ፈተና ሰረዘ። ለመፈተን የተዘጋጁት ተማሪዎች ከ250 ሺህ በላይ ነበሩ። ፈተናው እንደገና ተዘጋጅቶ በሐምሌ ሲሰጥ የማኅበራዊ መገናኛ ገጾች ተዘጉ፤ በ2009 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ደግሞ፣ ፈተናው እንዳይወጣ ተብሎ፣ ኢንተርኔት ራሱ ተቋረጠ። እንደው አንድ ፖስታ በጊዜው ሳይጠበቅ ቀርቶ የአገር ኢንተርኔት መዝጋት! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው እንዲፈተኑ ተደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከተፈታኞቹ ከፊሎቹ በኮምፒዩተር ተፈተኑ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በ2008 ሕዝብ ያየው የወረቀት ፎቶግራፍ ነው። ፋይል የቱንም ያህል ቢቆለፍ፣ ወረቀት ከሆነበት ደቂቃ ጀምሮ የኮምፒዩተር ቁልፍ አያገለግለውም፤ ከዚያ በኋላ የሚያዋጣው ያው የጥንቱ ፖስታና ካዝና ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናብራራው ፈተናው ከመምህሩ አእምሮ ወጥቶ ወረቀት እስኪሆን ድረስ ስላለው መንገድ፣ እንዲሁም ወረቀት ሳይሆኑ ለዓመታት በፋይልነት ስለሚቀመጡት ስለ ሮስተርና ስለ ተማሪዎች ማኅደር ነው።

ብዙ ሰው «ላፕቶፔ ፓስዎርድ አለው» ብሎ ይተማመናል። ታዲያ ይህ የኮምፒዩተር መግቢያ የይለፍ ቃል በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው። ማን ነህ ብሎ ይጠይቃል እንጂ ውስጥ ያለውን ወረቀት አይለውጠውም። ዲስኩ ራሱ ካልተመሰጠረ በስተቀር፣ ሌባ ዲስኩን ፈትቶ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ቢያገናኘው ሁሉም ፋይል እንደተጻፈ ይነበባል፤ ዘበኛው አብሮ አይሄድም። ይህ በአካባቢያችን የሩቅ ምሳሌ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ሐይቅ በደረሰ ጊዜ የወሎ ዩኒቨርሲቲና የደሴ ሆስፒታል ንብረት መዘረፉና መውደሙ በሰፊው ተዘግቧል። ኮምፒዩተር ሲዘረፍ ሰው የሚያዝነው ለዕቃው ነው። ዕቃው ግን ይተካል። በውስጡ የነበረው የሕሙማንና የተማሪዎች ጉዳይ ከማን እጅ እንደገባ መጠየቅ የሚመጣው ዘግይቶ ነው።

ከዘበኛው የተለየው መንገድ ምሥጠራ ይባላል። ምሥጠራ ጽሑፉን ራሱን ይለውጠዋል፤ ፋይሉ ቢሰረቅም የተሰረቀው የማይነበብ ነገር ነው። ይህን ለመረዳት ልጆች ሳለን የተጫወትንበትን የወፍ ቋንቋ ማስታወስ ይጠቅማል። ከእያንዳንዱ ፊደል ቀጥሎ በዚያው ፊደል ድምፅ ልክ አንድ የ«ዘ» ዘር ይጨመራል፤ «ፈተና» ለማለት «ፈዘተዘናዛ» እንላለን። ለእናቶቻችን ግራ ይገባቸው ነበር፤ ወይም ግራ የገባቸው መስለው ይስቁብን ነበር። የወፍ ቋንቋ ጉድለቱ ግን ቁልፍ የሌለው መሆኑ ነው። ዘዴውን አንዴ የሰማ ሰው የሁሉንም ልጅ ምሥጢር በአንድ ጊዜ ያውቃል።

አሁን አንድ እርምጃ እንሂድ። የአማርኛ ፊደል እያንዳንዱ ሰባት ድምፅ አለው፤ ግዕዝ፣ ካዕብ እያለ እስከ ሳብዕ። እያንዳንዱን ፊደል በራሱ ቤት ውስጥ አንድ ደረጃ ወደፊት ብናስኬደው «ፈተና» የነበረው «ፉቱኔ» ይሆናል፤ ሁለት ደረጃ ብናስኬደው «ፊቲን» ይሆናል። እዚህ ላይ ዘዴው አንድ ሆኖ ሳለ ቁልፍ ተፈጠረ፤ ቁልፉ ቁጥሩ ነው። ደካማነቱ ቁልፉ ከ1 እስከ 6 ብቻ መሆኑ ነው፤ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በስድስት ሙከራ ይፈታዋል። ለእያንዳንዱ ፊደል የተለያየ ቁጥር ብንሰጥስ? ለምሳሌ 2፣ 5፣ 1 ብንል «ፈተና» «ፊትኔ» ይሆናል። ለሦስት ፊደል ያለው አማራጭ 7 ጊዜ 7 ጊዜ 7፣ ማለትም 343 ሆነ ማለት ነው። ቁልፉ በረዘመ ቁጥር አማራጩ በሰባት እየተባዛ ያድጋል።

የዘመኑ ምሥጠራም መሠረቱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የመቀያየሩ ብዛትና የቁልፉ ርዝመት ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት ኤኢኤስ የተባለው ዘዴ ዮአን ዳሜን እና ቪንሰንት ራይመን በተባሉ ሁለት የቤልጅግ ሰዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ መንግሥት በይፋ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። ከቁልፎቹ ረጅሙ ባለ 256 ቢት ሲሆን፣ ያለው የአማራጭ ብዛት 78 አኃዝ ባለው ቁጥር ይጻፋል። የሚገርመው ዘዴው ምሥጢር አለመሆኑ ነው። አሠራሩ ታትሞ ወጥቷል፤ የፈለገ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊያነበው ይችላል። ኬርክሆፍስ የተባለ የሆላንድ ተወላጅ የቋንቋ መምህር እ.ኤ.አ. በ1883 እንደጻፈው፣ ጥሩ የምሥጢር አጻጻፍ ዘዴው በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ቁልፉ እስካልወደቀ ድረስ የሚጸና መሆን አለበት። መምህር መሆኑን ልብ ይሏል!

እንግዲህ ክብደቱ ሁሉ ቁልፉ ላይ አረፈ። ቁልፉን ደግሞ የምንፈጥረው እኛው ነን፤ የይለፍ ቃል ብለን በምንጽፈው። ኤኢኤስን የሚሰብር ሌባ አይኖርም ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ሌባው የሚሞክረው የይለፍ ቃሉን መገመት ነው። የባንክ መተግበሪያ ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ይዘጋል፤ በሌባ እጅ ያለ ፋይል ግን ማንም ሳይከለክለው ሌሊቱን ሙሉ ይሞከራል።

በእኛ አገር የተለመደው የይለፍ ቃል የራስ ስልክ ቁጥር ነው። እስቲ እናስላው። ቁጥሩ በ09 ወይም በ07 ይጀምራል፤ የቀረው 8 አኃዝ ነው። አማራጩ በአንዱ 100 ሚሊዮን፣ በሁለቱ 200 ሚሊዮን ይሆናል። ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በሴኮንድ 1 ቢሊዮን ግምት የሚሞክር መሣሪያ አለ ብንል፣ የአገሪቱን የሞባይል ቁጥር በሙሉ ለመጨረስ የአንድ ሴኮንድ አንድ አምስተኛ ይበቃዋል። ለዚያውም ሌባው የመምህሩን ስልክ ካላወቀ ነው፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ የለም እንዴ! በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት የተጻፈ ባለ 8 ፊደል ቃል ወደ 209 ቢሊዮን አማራጭ ስላለው በዚያው ፍጥነት 3 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል። ባለ 12 ፊደል ሲሆን 3 ዓመት ያህል ይወስዳል። አራት ፊደል ብቻ ተጨምሮ ከደቂቃ ወደ ዓመት መሄዱን ያየ ሰው ከእንግዲህ ስለ ርዝመት አይከራከርም። አንዳንዱ የይለፍ ቃል ጠንካራ የሚሆነው ምልክትና ቁጥር ሲደባለቅበት ይመስለዋል፤ መደባለቁ አይጎዳም፣ ርዝመቱ ግን ይበልጣል።

ረጅም ቃል ደግሞ ይረሳል። ለዚህ የተገኘው መላ አንድ ቃል ሳይሆን ብዙ ቃላት መደርደር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚታወቅ አንድ ዘዴ አለ፤ 7,776 ቃላት ያሉት ዝርዝር ይዘጋጃል፣ ዳይስ እየተጣለ ቃላት በዕጣ ይመረጣሉ። በዚህ መንገድ የወጡ አምስት ቃላት፣ ሌባው ዝርዝሩን ይዞም ቢሆን፣ ከላይ ባልነው ፍጥነት ወደ 900 ዓመት ያስፈልጉታል። ዋናው ነገር ቃላቱ በዕጣ የወጡና እርስ በርስ የማይገናኙ መሆናቸው ነው። «ማሽላ ድልድይ ቀይ ሐኪም አንካሴ» ዓይነት ነገር ማለት ነው፤ ትርጉም የለውም፣ ሥዕሉ ግን ከአእምሮ አይጠፋም። ይህችኛዋን ግድግዳ ላይ ስለ ለጠፍናት ማንም እንዳይጠቀምባት አደራ። የታወቀ ተረት፣ የዳዊት መዝሙር መጀመሪያ፣ የዘፈን አዝማች ግን አይሆንም፤ እነዚህን ሌባውም ያውቃቸዋል። ቃላቱን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍም ይሻላል። በአማርኛ ፊደል የተጻፈ የይለፍ ቃል ጥሩ ነበር፤ ዳሩ ግን ፋይሉን ለመክፈት የተቀመጥንበት ኮምፒዩተር የአማርኛ ፊደል መጻፊያ ከሌለው ባለቤቱም ውጭ ይቀራል።

ወደ ሥራው እንምጣ። ፈተናውን በወርድ የጻፈ መምህር «ፋይል» ብሎ፣ «ኢንፎ» ውስጥ ገብቶ፣ «ፕሮቴክት ዶኪዩመንት» ከሚለው ሥር «ኢንክሪፕት ዊዝ ፓስዎርድ» የሚለውን ይመርጣል። በኤክሴልም እንዲሁ ነው፤ «ፕሮቴክት ወርክቡክ» ከሚለው ሥር ይገኛል። እዚያው አጠገብ ያለው «ፕሮቴክት ሺት» ግን ሰውን ያታልላል። እሱ ማርክ በስሕተት እንዳይነካ ይከለክላል እንጂ ፋይሉን አይመሰጥርም፤ ማንበብ ለሚፈልግ ሰው ክፍት ነው። በመምህራን ክፍል «ቆልፌዋለሁ» ሲባል የምንሰማው ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ነው። ሌላው ጥንቃቄ የፋይሉ ዓይነት ነው። በድሮው የ1997-2003 ዓይነት የተቀመጠ የወርድና የኤክሴል ፋይል ቁልፉ ደካማ ስለሆነ በአዲሱ ዓይነት መቀመጥ አለበት።

ብዙ ፋይሎችን በአንድነት ለመቆለፍ ሰቨን ዚፕ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ያገለግላል። ፋይሎቹን አጠቃልሎ በኤኢኤስ ባለ 256 ቢት ይመሰጥራል። በራሱ በሰቨን ዚፕ ዓይነት ሲቀመጥ የፋይሎቹን ስምም የሚሰውር ምርጫ አለው። ይህች ምርጫ ቀላል አይደለችም፤ «ያለዕድሜ ጋብቻ ያመለከቱ» የሚል የፋይል ስም ከተነበበ ውስጡ ባይነበብም ግማሹ ምሥጢር ወጥቷል። ፍላሹን በሙሉ ለመቆለፍ የሚፈልግ ደግሞ ቬራክሪፕት የሚባል አለ፤ እሱም ነፃ ነው፤ ግን ጠንቅቆ ያልተማረውን ሰው ስለሚያስቸግር ለጀማሪ ሰቨን ዚፕ ይቅደም እንላለን።

ከፍላሽ ላይ ያጠፉት ፋይል በእርግጥ ጠፍቷል ብሎ ማመንም ስሕተት ነው። «ዲሊት» ሲባል የሚጠፋው የፋይሉ አድራሻ እንጂ ጽሑፉ ወዲያው አይደለም፤ የጠፋ ፋይል የሚመልሱ ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ። ቃጠሎ የሌለው ስቴንስል ያልነው ይህን ነው። ስለዚህ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሄድ ፍላሽ ለዚያ ሥራ ብቻ የተለየ ይሁን፤ ሮስተርና ፈተና በአንድ ፍላሽ አይጓዙ። ከተቻለ መምህሩ ራሱ ቆሞ ያሳትም፤ ሲጨርስም ወደ ኮምፒዩተሩ የተገለበጠ ነገር ካለ ከ«ሪሳይክል ቢን» ጭምር አጥፍቶ ይውጣ። ፎቶ ኮፒ ቤቱም አይቀየምም፤ እድሜ ለቫይረስ፣ ፍላሽ በጥርጣሬ ማየት ከሁለቱም ወገን የተለመደ ነው።

የቴሌግራም ጉዳይ ሳይነሣ አይታለፍም። አብዛኛው መምህር ፈተና የሚላላከው በእሱ ነውና። የቴሌግራም ተራ መልእክት በመንገድ ላይ ይመሰጠራል፤ ነገር ግን የሚቀመጠው በኩባንያው ኮምፒዩተሮች ላይ ሲሆን ቁልፉም በኩባንያው እጅ ነው። ከላኪው እስከ ተቀባዩ ድረስ ብቻ የሚነበበው «ሲክሬት ቻት» የሚለው ነው፤ እሱም በሁለት ሰዎች መካከል እንጂ በቡድን አይሠራም። ዋትሳፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ሁሉንም መልእክት በዚህ መንገድ ይመሰጥራል። ቢሆንም ትልቁ አደጋ ኩባንያው አይመስለንም። የመምህሩ ስልክ በልጁ እጅ ነው፤ ልጁ ደግሞ የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ ነው! ስለዚህ ፋይሉ በየትም ይላክ በየት፣ አስቀድሞ ተቆልፎ ይላክ፤ የይለፍ ቃሉ ደግሞ በሌላ መንገድ፣ በቃል ወይም በስልክ ይነገር። ፋይልና ቁልፍ በአንድ መልእክት ከላኩ ቤት ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ እንደ ማንጠልጠል ነው።

ይህን ሁሉ ስንል አንድ ተቃውሞ ይመጣል፤ «የሚቆልፍ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው» የሚል። ጥርጣሬው በአገራችን ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በታሠሩት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ላይ በቀረበው የሽብር ክስ ውስጥ የኢንተርኔት መልእክትን በምሥጢር ስለ መጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው ተጠቅሶ ነበር። የተወሰኑት ክሳቸው በሐምሌ 2007 ተቋርጦ ተፈቱ፤ የቀሩትንም ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ከሽብሩ ክስ ነፃ አላቸው። የመምህር ጉዳይ ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነው፤ የሚቆልፈው የራሱን ሳይሆን የሰው አደራ ነው። ሐኪም የሕመምተኛውን ካርድ ቢደብቅ ማን ይጠረጥረዋል?

የበለጠ የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። ጥሩ ምሥጠራ ለባለቤቱም አያዳላም። የይለፍ ቃሉ ከተረሳ የወርዱም የሰቨን ዚፑም ሠሪዎች መክፈት አይችሉም። አሁን ይታሰብ፤ አንድ መምህር የአምስት ዓመት ሮስተር ቆልፎ ሳለ ዝውውር ደርሶት ወደ ሌላ ወረዳ ቢሄድ፣ ወይም ክፉ አይንካውና ቢሞት? ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ ከሦስት ዓመት በኋላ መረጃዬን ስጡኝ ብሎ ሲመጣ ፋይሉ አለ፣ የሚያነበው የለም። በሌባ እጅ መውደቅና ከሁሉም እጅ መውጣት ለዚህ ልጅ እኩል ናቸው፤ እንዲያውም ሁለተኛው ይብሳል።

መፍትሔው ከኮምፒዩተር ትምህርት ሳይሆን ከራሳችን ሰፈር የሚገኝ ይመስለናል። በብዙ ቅሬ የገንዘቡ ሣጥን ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ አይደለም፤ ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ተሰብስበው ካልሆነ አይከፈትም። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤትም በብዙ ቦታ እንደዚሁ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የአባ ኢየሱስ ሞዓን ወንጌል ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለዛሬ ያደረሰው፣ አንዱ ጠባቂ ሲያልፍ ለሌላው ማስረከብ ስለማይቀር ነው፤ አንድ መነኩሴ ብቻ የሚያውቀው መደበቂያ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ ከመነኩሴው ጋር ይቀበር ነበር።

ይህን ወደ ትምህርት ቤት ስናመጣው እንዲህ ይሆናል። የሮስተሩ የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ መምህሩና ርዕሰ መምህሩ እሽጉ ላይ ፈርመውበት በትምህርት ቤቱ ካዝና ይቀመጣል። የተቆለፈው ፋይል ራሱ ግን በዚያ ካዝና አይቀመጥም። አንዱ ቅጂ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር፣ ሌላው በተለየ ፍላሽ ከሌላ ቦታ፣ ቢቻል በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሆናል። ጦርነት፣ እሳት ወይም ሌባ ሁሉንም በአንድ ቀን እንዳያገኛቸው ነው። ቅጂው ተቆልፎ ስለሚሄድ ፍላሹን የያዘው ሰው ማንበብ አይችልም፤ ይህም ቅጂ ለማብዛት ድፍረት ይሰጣል። ቅጂ ሲበዛ የራሱ ጣጣ እንዳለው ግን አንርሳ። ውጫሌ እዚሁ አምባሰል ውስጥ ናት፤ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛውና በጣልያንኛው ቅጂ ስላልተስማማ ነገሩ እስከ አድዋ ደርሷል። የእኛ ሮስተር ጦር አያማዝዝም፤ ሆኖም በአንዱ ቅጂ 72 በሌላው 27 የሆነ ማርክ ወላጅ ያጣላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ፋይል ስም ላይ የተቀመጠበት ቀን ይጻፍ፤ ማርክ የታረመ እንደሆነም ሁሉም ቅጂዎች በዚያው ሳምንት ይለወጡ።

ፈተና ሲሆን ሥርዓቱ ትንሽ ይለያል፤ ዕድሜው አጭር ነውና ወደ ካዝና መሄድ አያስፈልገውም። የትምህርቱ ክፍል ኃላፊና ያዘጋጀው መምህር የይለፍ ቃሉን ለሁለት ቢካፈሉት፣ አንዱ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቃላት፣ ሌላው የኋለኞቹን ሦስት ቢይዝ፣ ሁለቱ አብረው ካልተቀመጡ አይከፈትም። የሚታተመው በፈተናው ዋዜማ ሁለቱ ባሉበት ይሆናል።

ፖስታውን በሚመለከት አንድ ነገር ቀርቷል። መምህሩ ታሞ ወይም ተዛውሮ ፖስታው የተከፈተ እንደሆነ፣ የከፈቱት ሁለት ሰዎች ቀኑንና ምክንያቱን በቃለ ጉባኤ ይጽፋሉ። የይለፍ ቃሉም በዚያው ቀን ይቀየራል፤ አዲሱ በአዲስ ፖስታ ይታሸጋል፤ አሮጌው ወረቀት እንደ ስቴንስሉ ይቃጠላል።